ስለ ሙያ ቃላት አመጣጥ፤ የፕሮግራመሮች መዝገብ ከቅኔ ቤት ቋንቋ ጋር ሲመዛዘን

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ የሚጠቀሙባቸውን ቃላት የሰበሰበ አንድ መዝገብ መመርመር፣ ከዚያም መዝገቡ የቃላትን አመጣጥ የሚፈታበትን መንገድ ከአገራችን የቅኔ ቤት ቋንቋ ጋር አመዛዝኖ መተቸት ነው። ሁለቱን ማገናኘታችን ለአንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እኛ የተወለድነው በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ መካከል ባለችው በጉንደ ወይን ነው። አካባቢው ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅንና መርጡለ ማርያምን የመሰሉ ገዳማትና አድባራት ያሉበት የሊቃውንት አገር ስለሆነ፣ የሙያ ቋንቋ ምን እንደሆነ መጀመሪያ የሰማነው ከኮምፒዩተር ክፍል ሳይሆን፣ ደበሎ ለብሰው አኩፋዳ አንግተው በደጃችን ከሚያልፉት የቆሎ ተማሪዎች አፍ ነበር።

የሰማነውን ግን አላከበርነውም። ሁለተኛ ደረጃ የተማርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያም ትምህርት የሚባለው በወንበር ተቀምጠው በሰሌዳ ላይ የሚያዩት ብቻ ነው ብለን ማሰብን ለመድን። ይህን የምናነሣው ከዚህ በታች የምናቀርበው ትችት በከፊል እኛኑ ራሳችንን የሚነካ መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልን ነው።

ሀ. መዝገቡና ጥቅሙ

መዝገቡ «ጃርገን ፋይል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ራፋኤል ፊንክል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጀመረው፤ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩ የሙያ ባልደረቦችም ቃል እየጨመሩበት አደገ። በ1983 ጋይ ስቲል ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በመጽሐፍ መልክ አወጣው። በ1991 ደግሞ ኤሪክ ሬይመንድ አስፍቶ አሳተመው፤ የዚህም ሦስተኛ እትም በ1996 ወጣ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት በ1959 ፒተር ሳምሰን የተባለ ተማሪ በዚያው በማሳቹሴትስ ተቋም ለነበረው የሞዴል ባቡር ክበብ አንድ አነስተኛ የቃላት ዝርዝር አዘጋጅቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚነገሩ አንዳንድ ቃላት መጀመሪያ በጽሑፍ የሰፈሩት በአንድ ተማሪ እጅ፣ ለአንድ የተማሪዎች ክበብ መሆኑን ልብ ማለት ለእኛ ለተማሪዎች ይጠቅማል።

የመዝገቡ ዋና ጥቅም ቃላቱን የሰበሰቡት ራሳቸው ተናጋሪዎቹ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው ጥቅም ቃላትን በሦስት ወገን ለይቶ ማየቱ ነው፤ ይኸውም ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት የጨዋታ ቃል፣ የሙያው ሰዎች ብቻ የሚግባቡበት የጨዋታ ቃል፣ እንዲሁም በመማሪያ መጽሐፍ የገባ መደበኛ የሙያ ቃል ነው። ድንበሩ ጽኑ አለመሆኑን፣ ትናንት ቀልድ የነበረው ዛሬ መደበኛ ቃል ሊሆን እንደሚችል መዝገቡ ራሱ ያምናል። በዚህ ረገድ የምንነቅፈው ነገር የለንም። ትችታችን በሁለት ነገር ላይ ነው፤ አንደኛው በአመጣጥ ታሪክ፣ ሁለተኛው በአንባቢው ማንነት ላይ።

ለ. የእሳት እራቷ ታሪክ

በፕሮግራም ውስጥ የሚገኝ ስሕተት «ባግ» ይባላል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ትንሽ ተባይ ማለት ነው። ስለ አመጣጡ በየክፍሉ የሚነገረው ታሪክ ይህ ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ «ማርክ 2» የሚባል ኮምፒዩተር ሥራ አልሠራም ብሎ ቢፈተሽ፣ በውስጡ ካሉት የኤሌክትሪክ መክፈቻና መዝጊያዎች በአንዱ መካከል አንዲት የእሳት እራት ተጨፍልቃ ተገኘች፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሕተት ሁሉ ተባይ ተባለ ይላሉ። ታሪኩን በሰፊው ያሰራጨችው ታዋቂዋ የኮምፒዩተር ሊቅ ግሬስ ሆፐር ናት።

የእሳት እራቷ እውነት ነበረች። መስከረም 9 ቀን 1947 በሥራው መዝገብ ላይ በማጣበቂያ ተለጥፋለች፤ መዝገቡም በዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል። ሐሰት የሆነው ከእርሷ የተወለደው መደምደሚያ ነው። ከጎኗ የተጻፈው ማስታወሻ፣ ተባይ በእውን ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን በቀልድ መልክ ያመለክታል። ቀልዱ ቀልድ የሚሆነው ግን ጸሐፊው «ተባይ» የሚለውን ቃል ለስሕተት ሲጠቀምበት ከቆየ ብቻ ነው። ደግሞም ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ በአዳዲስ መሣሪያዎች ላይ የሚደርሱትን ጥቃቅን እንከኖች በዚሁ ስም ጠርቷቸዋል። ስለዚህ ቃሉ ከእሳት እራቷ ቢያንስ በ69 ዓመት ይቀድማል።

ጃርገን ፋይል ይህን አርሞ ጽፎታል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ዕርማቱ ተጽፎ ሳለ ሰው የሚያወራው ታሪኩን ነው። ይህ ለምን ሆነ? እንደ እኛ አስተያየት፣ መዝገቡ የአመጣጥን ታሪክ ከቃሉ ሥራ ነጥሎ ስለሚያቀርበው ነው። ለምሳሌ «ፉ» ለሚባለው ቃል፣ ማለትም ስም ላልወጣለት ነገር በምሳሌ ላይ ለሚገባው መጠሪያ፣ ስለ አመጣጡ ረጅም ሐተታ ይሰጣል። እኛም በቋንቋችን ለዚሁ ሥራ «እገሌ» እና «እንትን» አሉን፤ ማንም ግን እገሌ የተባለው ሰው የትኛው እንደነበረ አይጠይቅም። ቃሉ የሚታወቀው በሥራው ነውና።

ሐ. «ዘረፋ» የሚለው ቃል

ይህን ሐሳብ በአገራችን ምሳሌ ለመፈተን ባለፈው ክረምት ወደ ጉንደ ወይን ስንወርድ በቅኔ ቤት ስለሚነገሩ ጥቂት ቃላት ጠይቀን ነበር። ከሁሉ የመረጥነው «ዘረፋ» የሚለውን ነው። በቅኔ ቤት አንድ ሊቅ ሳይዘጋጅ በቆመበት አዲስ ቅኔ ሲያፈልቅ «ዘረፈ» ይባላል። ይኸው ግስ በተራው አማርኛ የሰው ንብረት በግድ መቀማት ነው። እንዴት አንድ ቃል የወንበዴም የሊቅም ሥራ ሆነ?

ሁለት መልስ አገኘን። አንድ ሽማግሌ፣ ባለቅኔው ምሥጢሩን ከሰማይ ነጥቆ ስለሚወስድ ነው አሉን። ሌላው ሰው ደግሞ፣ ነገሩ ከቅሚያ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቃሉ የመጣው ከ«ዘርፍ» ነው፤ ዘርፍ በልብስ ጫፍ የሚንጠለጠል ጌጥ እንደሆነ ሁሉ ቅኔም በመዝሙሩ ጫፍ የሚገባ ጌጥ ነው አሉን። ሁለቱም መልስ ያማረ ነው። ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ ግን አይችሉም። በዚህ ጊዜ የእሳት እራቷ ትዝ አለችን፤ ያማረ ታሪክ ሁሉ ቃሉ ከተወለደ በኋላ ሊፈጠር እንደሚችል ከእርሷ ተምረናልና።

ጥያቄውን ብዙ ዘመን ቅኔ ላስተማሩ አንድ የኔታ ብናቀርብላቸው ሳቁና፣ «ልጄ፣ ብቻውን ምን ይፈታልሃል? ከጓደኞቹ ጋር ጠይቀው እንጂ» አሉን። ከዚያም ሦስቱን ቃላት በተራ አስረዱን። ተማሪው ብቻውን ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ቃሉን እየመዘነ፣ እያፈረሰ እየሠራ ቅኔውን ሲያዘጋጅ «ቆጠራ» ነው። ያዘጋጀውን ለመምህሩ አቅርቦ ሲያሰማና ሲታረም «ነገራ» ነው። ከዚህ ሁሉ አልፎ፣ ሳይቆጥርና ሳያሳርም በጉባኤ መካከል ከአፉ ሲያወጣ «ዘረፋ» ነው። «የቆጠረ ዕርማት ይፈራል፤ የዘረፈ ግን ለዕርማት ጊዜ አይሰጥም» አሉን።

ከዚህ የምንረዳው «ዘረፋ» ትርጉሙን ያገኘው ከአንድ ታሪክ ሳይሆን ከቆጠራና ከነገራ ጋር ባለው ልዩነት መሆኑን ነው። ሦስቱ ቃላት የአንድ ሥራ ሦስት ደረጃዎች ናቸው፤ አንዱን ነጥሎ የሚፈታ ሁሉን ያጣል። «ሰምና ወርቅ» የሚለውም እንዲሁ ነው። አንጥረኛ የሚፈልገውን ቅርጽ መጀመሪያ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታውም ወርቁ ይፈስሳል። ይህን ሥራ ያላወቀ ሰው ሰምን እንደ ርካሽ፣ ወርቅን እንደ ውድ ብቻ ይቆጥራል። ሥራውን ያወቀ ግን ያለ ሰሙ ወርቁ ቅርጽ እንደማያገኝ ይረዳል።

አሁን ወደ ፕሮግራመሮቹ እንመለስ። በሳምሰን ዝርዝር ውስጥ «ሀክ» የሚል ቃል አለ። በተራው እንግሊዝኛ በመጥረቢያ እንደነገሩ መቆራረጥ ማለት ሲሆን፣ በባቡር ክበቡ ግን ለጥቅም ሳይሆን ለሥራው ፍቅር ተብሎ የሚሠራ ብልኀት ሆነ፤ ከዚያም ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ገባ። በኋላ ጋዜጦች ቃሉን ለኮምፒዩተር ሌባ ሰጡት። ጃርገን ፋይል ሌባው ሌላ ስም እንዳለው አጥብቆ ቢከራከርም አልሰመረለትም፤ ዛሬ በአዲስ አበባም «ሀከር» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሌባን ነው። በጎጃም ግን «መሪጌታ በበዓሉ ቅኔ ዘረፉ» ቢባል ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚሮጥ የለም። ልዩነቱ ከቃሉ አይደለም፤ ሁለቱም የሻካራ ሥራ ቃላት ናቸው። ልዩነቱ ከሰሚው ነው። የቅኔ ዘረፋ የሚፈጸመው ሕዝቡ በተሰበሰበበት በቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ቅኔውን የማይፈታው ገበሬ እንኳ ሥራውን በዓይኑ ያየዋል። የሀከሩን ሥራ ግን ውጭ ያለ ሰው አያየውም። ስለዚህ የቃል ክብር የሚጠበቀው በመዝገበ ቃላት ሳይሆን ሥራው ለሕዝብ በመታየቱ ነው ማለት እንችላለን።

መ. የምሥጢር ቋንቋና የሙያ ቋንቋ

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለ ንግግር ሁሉ ሌላውን ለመደበቅ የተፈጠረ ነው ይላሉ። ይህ ሁለት ነገር መቀላቀል ነው። ዎልፍ ሌስላው በ1964 ሔግ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ በኢትዮጵያ ያሉትን የምሥጢር ቋንቋዎች አጥንቷል፤ ከእነርሱም የአዝማሪዎች፣ የነጋዴዎችና የዛር ባለቤቶች ንግግር ይገኝበታል። እኛም በልጅነታችን በየቃሉ መካከል ባዕድ ድምፅ እየጨመርን ታላላቆቻችን እንዳይሰሙን «የወፍ ቋንቋ» እንናገር ነበር። የእነዚህ ሁሉ ጠባይ አንድ ነው፤ ውጭ ያለው ሰው ሲያውቃቸው ጥቅማቸው ያልቃል። የሙያ ቋንቋ ግን በተቃራኒው፣ ውጭ ያለው ሰው ሲያውቀው የሙያው ባልደረባ ይሆናል። ቆጠራና ነገራ ማንንም ለመደበቅ አልተፈጠሩም፤ ባግና ሀክም እንዲሁ።

ሳይፈልጉ መደበቅ ግን አለ። የመጀመሪያው ዓመት በኮምፒዩተር ክፍል ሳለን፣ በስተጀርባ ሆኖ ሳይታይ የሚሠራው ፕሮግራም «ዲመን» እንደሚባል ተነገረን። እኛ የሰማነው «ጋኔን» ብለን ነው። ጸሎት ከትምህርት ይቀድም በነበረበት ትምህርት ቤት ላደገ ሰው፣ ጋኔን ሥራ ላይ ነው ወይስ ቆሟል ተብሎ መጠየቅ ቀላል አልነበረም። ማፈራችንን እንዳያውቁብን ሳንጠይቅ ብዙ ጊዜ ቆየን። ኋላ ስናነብ ግን ቃሉ ከክፉ መንፈስ ጋር እንደማይገናኝ ተረዳን። በ1963 በማሳቹሴትስ ተቋም በፈርናንዶ ኮርባቶ ይመራ የነበረው ቡድን ቃሉን የወሰደው ከፊዚክስ ነው፤ በፊዚክስ ደግሞ ማክስዌል ለሐሳብ ሙከራ ብሎ የፈጠረው፣ የጋዝን ጥቃቅን ክፍሎች ያለ ድካም እየለየ የሚያሳልፍ የማይታይ ሠራተኛ ነው።

ነገሩ የሚያስቀው፣ መልሱ በደጃችን እንደነበረ ስናስብ ነው። በቅኔ ቤት ግስ የሚማር ልጅ ከስምንቱ የግስ አርእስት መጀመሪያ የሚይዘው «ቀተለ» የሚለውን፣ ማለትም «ገደለ» የሚለውን ነው። ሕፃኑ ቀኑን ሙሉ በወንድ በሴት፣ በሩቅ በቅርብ «ገደለ» ሲል ይውላል፤ የሚሞት ግን የለም። ቃሉ እዚያ የግስ መለኪያ ብቻ ነው። ፕሮግራመሮችም አንድን ሥራ ሲያስቆሙ «ግደል» የሚል ትእዛዝ ይሰጣሉ። የቆሎ ተማሪውን አክብረን ሰምተነው ቢሆን ኖሮ በኮምፒዩተር ክፍል አንደነግጥም ነበር።

ሠ. ቃሉ ባሕር ሲሻገር

ሁለተኛው ትችታችን እዚህ ላይ ነው። ጃርገን ፋይል አንባቢው እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው እንደሆነ አድርጎ ይጽፋል። ስለዚህ ቀልዱን ይነግረናል እንጂ ቀልዱ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ምን እንደሚሆን አይነግረንም። «ባግ» በአማርኛ ንግግር ሲገባ ተባይዋ ሞታለች፤ የሚቀረው ድምፁ ነው። «ፓች» ስንል ጣፊውና እራፊው አይታዩንም። ፕሮግራም በተበሳ ወረቀት ይጻፍ በነበረበት ዘመን ግን ስሕተት የሚታረመው የተበሳውን ቦታ በቁራጭ ወረቀት በመለጠፍ ነበር፤ ቃሉም እንደ ልብስ ጥፍ ሁሉ ለዓይን የሚታይ ነገር ይናገራል። ሥዕሉ የጠፋበት ተማሪ ቃሉን እንደ ድግምት ይሸመድደዋል፤ የሸመደደውን ደግሞ አይጠይቅም።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መድኃኒት በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ አዲስ ቃል መፍጠር ነው። እኛ ይህን ሥራ አንንቅም፤ ነገር ግን ሕዝቡ ሳይታዘዝ የሠራውን ማየት ይቀድማል እንላለን። ፕሮግራም በኮምፒዩተር ላይ ሲገባ «ተጫነ» ይባላል፤ ከመረብ ሲመጣ «ወረደ» ይባላል። «ጫነ» በጉንደ ወይን ገበያ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ላይ የሚሠራ ቃል ነው፤ ማንም ሳይተረጉምለት ማንም ይረዳዋል። «ማውረድ»ም በቅኔ ቤት አስቀድሞ ነበረ፤ ግስ በየመደቡ እየዘረዘሩ ማለት ግስ ማውረድ ነው። እነዚህ ቃላት ሥዕላቸውን ይዘው ስለገቡ ጠያቂ አያሳፍሩም።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን በአንድ ምሳሌ እናሳይ። የአክስታችን ልጅ አራት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቶ ነው ወደ ዘመናዊ ትምህርት የገባው። በገባበት ትምህርት ቤት ያለፉት አራት ዓመታት ባዶ ሆነው ተቆጠሩበት፤ እርሱም አምኖ ተቀበለ። የቅኔ ተማሪ መሆኑን ለማንም አይናገርም ነበር። ባለፈው ክረምት አጭር ፕሮግራም መጻፍ ስናስተምረው፣ ስሕተቱ ሲታይ እንደ ሌሎቹ ጀማሪዎች አላፈረም፤ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመልሶ አንድ በአንድ ይመረምር ጀመር። እንዴት እንዲህ ለመድክ ብንለው፣ «ነገራ እኮ ነው፤ የኔታ ፊት ስንት ጊዜ ፈርሶብኛል» አለን። በዚያ ቅጽበት ፈራሹ የእርሱ ፕሮግራም ብቻ አልነበረም፤ ትምህርት ማለት ምን እንደሆነ የያዝነው አሳብም አብሮ ፈረሰ።

እርግጥ ነው፣ ንጽጽሩን ከልኩ ማሳለፍ አይገባም። ቅኔ ፕሮግራም አይደለም። መወድስ ስምንት ቤት፣ ጉባኤ ቃናም ሁለት ቤት ያለው መሆኑ የኮምፒዩተር ትእዛዝ አያደርገውም። ባለቅኔው አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር እንዲይዝለት ይደክማል፤ ፕሮግራመሩ ግን አንድ ቃል ሁለት ትርጉም እንዳይኖረው ይደክማል። በዓላማ ተቃራኒ ናቸው። የሚመሳሰሉት በሥራው ደረጃና በዕርማቱ ነው፤ የሙያ ቃላቸውም የተወለደው ከዚሁ ነው።

ስለዚህ የትችታችን መደምደሚያ ይህ ነው። ጃርገን ፋይል ተናጋሪዎቹ ስለራሳቸው የጻፉት በመሆኑ የከበረ መዝገብ ነው። ነገር ግን የቃል አመጣጥ ታሪክ በማስረጃ ካልተፈተነ የእሳት እራት ሆኖ ይቀራል፤ ቃልም ከጓደኞቹ ጋር ካልተፈታ አይፈታም፤ መዝገቡም ባሕር ሲሻገር ሥዕሉን መልሶ የሚስልለት ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ለማድረግ የሚችለው ሁለቱንም ቤት ያየ ተማሪ ነው፤ እንዲህ ያለው ተማሪም በየክፍላችን ሞልቷል፤ ብቻ አፍሮ ዝም ብሏል። ጓደኞቻችን የሸማኔውን፣ የአንጥረኛውን፣ የሾፌሩንና የሞባይል ጠጋኙን የሙያ ቃል ከየመንደራቸው ሰብስበው በዚህ መጽሔት እንዲያወጡ እንለምናለን። የእኛ ጽሑፍ ገና ቆጠራ ነው፤ መምህራንና አንባብያን እንደ ነገራ ሰምተው ቢያርሙን በደስታ እንቀበላለን።